የቡንዲ ግድግዳ፣ ቀለሙም ቁስሉም

በሰሜን ምዕራብ ህንድ፣ በራጃስታን ግዛት ቡንዲ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከበላይዋ ያለው አምባ ላይ ታራጋር የተባለው ምሽግ ተንሰራፍቷል። መሠረቱ የተጣለው በ1354 ነው፤ ይህም ሆነ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከምሽጉ ሥር፣ ቁልቁለቱን ተደግፎ የቆመውን ቤተ መንግሥት የሃዳ ራጅፑት ገዢዎች ልጅ ከአባቱ እየተቀበለ አስፋፍተውታል። ከክፍሎቹ አንዱ ቺትራሻላ ይባላል፤ የሥዕል ቤት ማለት ነው። መካከሉ ክፍት ግቢ፣ ዙሪያው በዓምድ የተደገፈ በረንዳ ሲሆን፣ የበረንዳው ግድግዳና ጣሪያ በሥዕል ተሸፍኗል፤ አብዛኛው የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። በነጭ የኖራ መደብ ላይ ሰማያዊና አረንጓዴ፣ ሁለቱ ሲገናኙም የባሕር ውሃ የሚመስል ቀለም ተዘርግቷል። ክሪሽና ከእረኛ ሴቶች ጋር ይጫወታል፤ ዝሆኖች ይተያያሉ፤ የንጉሥ አጀብ ያልፋል። ጠጋ ብሎ ለተመለከተው የሴቶቹ ቅንድብ እንደ ፀጉር በቀጠነ ብሩሽ የተሰመረ ነው፤ ከነጠላቸው ሥር የቀሚሳቸው ጥለት አሳልፎ ይታያል።

ካሜራ ይዞ ወደ ቡንዲ የሚሄድ ሰው የሚሄደው ለዚህ ቀለም ነው። ይዞት የሚመለሰው ፎቶ ግን በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። ከግድግዳው ደህናው ክፍል ተመርጦ ይቆረጣል፣ ሰማያዊው ከልክ በላይ እንዲደምቅ ይደረጋል፤ የተላጠው ልስን፣ የእርጥበቱ እድፍ፣ በሚስማር የተጫረው ስም ከፎቶው ውጭ ይቀራል። በዚህ ልማድ አልስማማም። የእንዲህ ያለ ምሽግ ግድግዳ ሲነሳ ቁስሉም አብሮ መነሳት አለበት ባይ ነኝ። እንዲህ ያለው ፎቶ ከጌጥነቱ ይልቅ ማስረጃነቱ ይበልጣልና፤ ግድግዳው ነገ ሲለወጥ ዛሬ ምን ይመስል እንደነበር የሚመሰክረው እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ግድግዳው እንዴት እንደሚያረጅ ለማያውቅ ሰው ይህ ማጋነን ይመስለው ይሆናል። በእኛ አገር ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ሥዕል በጨርቅ ላይ ተስሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው። በራጃስታን ግን ሥዕሉና ግድግዳው አንድ አካል ናቸው። አራይሽ በሚባለው ጥበብ ለረጅም ጊዜ ውሃ ውስጥ የከረመ ኖራ ከእብነ በረድ ዱቄት ጋር ተለውሶ በላይ በላዩ ይለሰናል። ልስኑ ገና እርጥብ ሳለ ቀለሙ ይቀባል፤ እንዲጠልቅ ይመታል፤ ከዚያም አጌት በተባለ ጠንካራ ድንጋይ እስኪያብረቀርቅ ይታሻል። ኖራው ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ሲደርቅ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል፤ ቀለሙንም በውስጡ ይዞ ይቀራል። በደረቀ ልስን ላይ በሙጫ የሚሣልበትም መንገድ አለ፤ ይኼኛው ግን በቀላሉ ይረግፋል። ለሁለቱም ትልቁ ጠላት ውሃ ነው። የክረምቱ ዝናብ በጣሪያ ስንጥቅ ይገባል፤ ከመሬትም እርጥበት ወደ ላይ ይሳባል። ውሃው በግንቡ ውስጥ ሲያልፍ ጨው ያሟሟል፤ ሲተን ጨውን ከልስኑ ሥር ጥሎት ይሄዳል፤ ጨው ሲጠጥር ደግሞ ልስኑን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ሥዕሉ የሚጠቃው ከፊቱ ሳይሆን ከጀርባው ነው። ሊወድቅ ሲል አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል፦ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ፣ ነጭ የጨው ብናኝ፣ እንደ ውሃ የቋጠረ ቁስል ያበጠ ልስን። እንግዲህ ለውበት ሲባል ከፎቶው ተቆርጠው የሚወጡት እነዚህ ምልክቶች ናቸው።

መዝገብ ሳይያዝ መቅረት ምን እንደሚያስከትል ህንድ በራሷ ታሪክ አይታዋለች። ከቡንዲ ርቆ በደቡብ አቅጣጫ የሚገኙት የአጃንታ ዋሻዎች ከአንድ ሺህ አራት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የቡድሂስት ሥዕሎች አሉባቸው። በ1844 የእንግሊዙ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ሮበርት ጊል የተባለ መኮንን ሥዕሎቹን በሸራ ላይ እንዲገለብጥ መደበው። ሰውየው ለዓመታት ዋሻ ለዋሻ ሲለፋ ኖረ፤ ሸራዎቹም ለንደን በክሪስታል ፓላስ ለሕዝብ ታዩ፤ በ1866 የሕንፃው አንድ ክፍል ሲቃጠል ግን ከጥቂቶቹ በቀር አመድ ሆኑ። ከ1872 ጀምሮ በቦምቤይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የነበረው ጆን ግሪፊትስ ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ ሥራውን እንደገና ጀመረ፤ ከአሥር ዓመት በላይም ፈጀበት። ከእነዚህም በርካታዎቹ በ1885 ለንደን ውስጥ በሌላ ቃጠሎ ጠፉ። ሁለት ትውልድ ከደከመበት መዝገብ ብዙው እንዲህ በእሳት ጠፋ፤ ዋሻው ውስጥ ያለው ሥዕልም በበኩሉ በዚያው ዘመን እየረገፈ ነበር።

ከቃጠሎው ይልቅ ለእኛ ጉዳይ የሚቀርበው ግን ሌላው የአጃንታ ታሪክ ነው። ግሪፊትስ ለመገልበጥ ሥዕሎቹ ጎልተው እንዲታዩለት ሲል ግድግዳውን ቫርኒሽ ቀባው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የሃይደራባዱ ገዢ መንግሥት ያስመጣቸው ጣሊያናውያን ባለሙያዎች የሚረግፈውን ቀለም ለመያዝ ሼላክ የተባለ ሙጫ ተጠቀሙ። ሁለቱም በቅንነት የተሠሩ ነበሩ። ቫርኒሹና ሼላኩ ግን እያደሩ ቢጫ ሆኑ፣ ጠቆሩ፤ አቧራና ጭስም ያዙ። ከዚያ በኋላ የመጡት የህንድ ባለሙያዎች ያንን ሽፋን ቀስ በቀስ ሲያነሱ ዓመታት አለፉ። ሥዕሉን አድምቆ የማየት ፍላጎት ራሱ ሥዕሉን ጎዳው ማለት ነው። ዛሬ ቫርኒሽ የሚቀባ የለም፤ ማድመቁ በስልክ ሆኗል። ፎቶን ማድመቅ ግድግዳውን አይነካውም፤ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። የሚነካው የኛን ግንዛቤ ነው፤ ደምቆ የቀረበውን ያየ ሰው ግድግዳው ደህና ነው ብሎ ያምናል።

ቀለሙን በትክክል መያዝ ደግሞ እንደሚታሰበው ቀላል አይደለም። ካሜራ ነጭን ነጭ አድርጎ ለማሳየት ብርሃኑ ምን ዓይነት እንደሆነ ይገምታል፤ ሲገምትም ፊቱ ያለው ትዕይንት በአማካይ ግራጫ ነው ከሚል ሐሳብ ይነሳል። ለመንገድና ለሰው ፊት ይህ ግምት ይሠራል። ቺትራሻላ ውስጥ ግን ክፈፉን የሞላው ሰማያዊና አረንጓዴ ነው፤ ካሜራው ይህን የብርሃኑ ጠባይ አድርጎ ይወስደውና ለማስተካከል ቀይ ይጨምርበታል። በዚህ ላይ የበረንዳው ጥላ ራሱ ከሰማይ የሚመጣ ሰማያዊ ብርሃን አለበት። ውጤቱ አንዱ ፎቶ ከሌላው የማይመሳሰል ይሆናል፤ ያው ግድግዳ በአንዱ የሣር፣ በሌላው የሰማይ መልክ ይይዛል። አዳዲስ ስልኮች ደግሞ ሳይጠየቁ ጥላውን ያበራሉ፣ ቀለሙን ያጠነክራሉ፣ ሸካራውን ያለሰልሳሉ፤ አንዳንዴ ያች ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ የምትጠፋው በዚህ ማለስለስ ነው። መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ግራጫ ካርድ ወይም የቀለም መለኪያ ካርድ ከግድግዳው አጠገብ፣ ሳያስነኩ፣ በመጀመሪያው ፎቶ ውስጥ እንዲገባ ማድረግና የነጭ ሚዛኑን በእሱ ማስተካከል ነው። ጥሬውን ፋይል የሚያስቀምጥ ካሜራ ወይም ስልክ ያለው ሰው ጥሬውን ያስቀምጥ።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፦ ለግድግዳው የሚበጀው ጭራሹኑ ፎቶ አለማንሳት ነው፣ ፍላሹ ቀለሙን ያገረጣዋል የሚል። ጉዳዩ በቁጥር ቢታይ ይሻላል። ሙዚየሞች ብርሃን ቶሎ ለሚጎዳቸው እንደ ወረቀትና ጨርቅ ላሉ ዕቃዎች 50 ሉክስ ገደማ የሆነ ደብዛዛ ብርሃን ይፈቅዳሉ። አንድ ፎቶ በአይኤስኦ 100 (የካሜራው የብርሃን ስሜት) እና በኤፍ 8 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) በደንብ እንዲበራ ግድግዳው ላይ ማረፍ ያለበት ብርሃን ያ የሙዚየም ብርሃን በሦስት ሰከንድ ገደማ ከሚያሳርፈው ጋር እኩል ነው። ቀጥተኛ የቀትር ፀሐይ ደግሞ ያንኑ መጠን ከሰከንድ መቶኛ ባነሰ ጊዜ ያፈሰዋል። ከአፈርና ከድንጋይ የሚገኙ ቀለሞች ብርሃንን ይችላሉ፤ እንደ ኢንዲጎ ያሉ ከዕፅዋት የሚገኙት ይገረጣሉ፤ በክፍት በረንዳ ላይ ግን እነሱን የሚያገረጣቸው በየቀኑ የሚገባው የቀን ብርሃን እንጂ የጎብኚ ፍላሽ አይደለም። ይህን ስል ፍላሽ ተጠቀሙ ማለቴ አይደለም። በተከለከለበት ቦታ ክልከላው መከበር አለበት፤ ባልተከለከለበትም ፍላሽ መጥፎ ፎቶ ይሰጣል። በድንጋይ የታሸ ልስን እንደ መስታወት ያበራልና መሀሉ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይቀመጣል፤ ከፊት የሚመታ ብርሃንም ያበጠውንና የጎደጎደውን አንድ ላይ ደፍጥጦ ጠፍጣፋ ያደርገዋል። በአንጻሩ ጠዋት ወይም ማታ ከጎን የሚገባ ብርሃን እያንዳንዱን እብጠት በጥላው ያሳያል፤ የጥገና ባለሙያዎችም ሆን ብለው ብርሃን ከጎን እያበሩ የሚመረምሩት ለዚህ ነው። ቤኖይ ቤል የተባለው ህንዳዊ ፎቶ አንሺ በ1991 የአጃንታን ሥዕሎች ያነሳው በደካማ ብርሃን ካሜራውን ረጅም ጊዜ ከፍቶ በመጠበቅ ነው፤ ዋሻው ጨለማ ነው ተብሎ ለዘመናት ያልታየ ቀለም በዚያ መንገድ ወጣ። ለግድግዳው የሚያሰጋው ጎብኚው ካሜራ መያዙ ሳይሆን እጁ፣ የሚደገፍበት ቦርሳውና ሚስማሩ ነው። የህንድ የጥንታዊ ሐውልቶች ሕግ በ2010 ከተሻሻለ ወዲህ የተጠበቀ ቅርስን ያበላሸ ሰው እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ሩፒ ቅጣት ይጠብቀዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከፎቶ አንሺዎች ይመጣል። ፎቶ ጥበብ ነው፤ አንሺው የፈለገውን የመምረጥ፣ የመቁረጥ፣ የማድመቅ መብት አለው፤ የቅርስ ጸሐፊ ሁን ተብሎ ሊገደድ አይገባም ይላሉ። መብቱን አልነፍግም። የቡንዲ ሠዓሊዎችም ያዩትን እንዳለ አልገለበጡም፤ የሙዝ ቅጠሉን አግዝፈዋል፣ ሰማዩን በፈለጉት ቀለም ቀብተዋል። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፦ የእነሱ ሥራ ሥዕል እንደሆነ ማንም ያውቃል፤ ፎቶን ግን ሰው እንደ ምስክር ይቀበለዋል። ምስክርነት የሚሰጥ ሰው የጠፋውን አልጠፋም ማለት የለበትም። ደግሞም አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ሙሉውን ግድግዳ ከነጉዳቱ ያነሳ ሰው ከዚያ በኋላ የሚወደውን ጥግ እንደወደደ ሊያነሳው ይችላል። ቁስሉም ቢሆን ውበት የሚነሳ አይመስለኝም፤ ልስኑ ከወደቀበት ጠርዝ ላይ ግማሽ ፊቷ የቀረላት ሴት በፎቶ ስትታይ ሥዕሉ ከምን እንደተሠራና ምን ያህል ስስ እንደሆነ ታስረዳለች።

ይህ ሥራ የመንግሥት ነው፣ ባለሙያዎች ይሥሩት የሚልም ይኖራል። ቺትራሻላ በህንድ አርኪኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ጥበቃ ሥር ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ግን በአገሩ ከ3,600 በላይ ሐውልቶችን ይጠብቃል። ዩኔስኮ በ2013 ስድስት የራጃስታን የአምባ ምሽጎችን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ቡንዲ ከስድስቱ ውስጥ አልነበረችም። ባለሙያ በየሳምንቱ መጥቶ እያንዳንዱን ግድግዳ አያነሳም፤ ጎብኚ ግን በየቀኑ ይመጣል። ከአሥር ዓመት በኋላ አንድ ስንጥቅ መቼ እንደጀመረ ለማወቅ የሚፈልግ አጥኚ ቀኑ የታወቀ፣ ያልተነካካ የጎብኚ ፎቶ ቢያገኝ ትልቅ ነገር ነው።

ስለዚህ ወደ ቡንዲም ሆነ ሥዕል ወዳለበት ሌላ አምባ የሚሄድ አንባቢ እንዲህ ያድርግ። ከሁሉ በፊት ግድግዳውን ሙሉውን፣ ከወለል እስከ ጣሪያ፣ ፊት ለፊት ቆሞ፣ ካሜራውን ሳያዘነብል ያንሳ፤ የትኛው ሥዕል የት እንዳለ የሚታወቀው በዚህ ፎቶ ነው። ቀጥሎ ይጠጋ፤ ሲጠጋ ግድግዳውን አይደገፍ። ትራይፖድ በእነዚህ ቅርሶች ውስጥ ፈቃድ ስለሚያስፈልገው ፈቃድ ከሌለው ክንዱን ሥዕል በሌለው ዓምድ አጽንቶ በከፍተኛ አይኤስኦ ያንሳ። የተላጠውንም፣ የተጫረውንም፣ እርጥበት የያዘውንም ያንሳ። ቤቱ ሲመለስ ያደመቀውን ለወዳጆቹ ይላክ፤ ያልተነካውን ግን የቦታውን ስምና ቀኑን ጽፎ ያስቀምጠው፣ አይሰርዘው።