‹ደመና› ወይስ ‹ቋት›? መተግበሪያን ከመረጃ ማኖሪያው ስለሚለየው አሠራር የሙያ ቃላት

የሙያ ቃል የሚወጣው ለአዲስ ነገር ስም ለመስጠት ብቻ አይደለም፤ የነገሩን ጠባይ ለማሳየትም ጭምር ነው። ስሙ ጠባዩን የደበቀ እንደሆነ ተጠቃሚው ስለ ገዛ ንብረቱ የተሳሳተ ግምት ይይዛል። በኮምፒዩተር ሙያ ‹ክላውድ› የተባለውን ቃል ‹ደመና› ብሎ መተርጐም ይህን የመሰለ ችግር አለበት። ደመና በአማርኛ ባለቤት የለውም፤ ሲሻው ይዘንባል፣ ሲሻው ይበተናል። በዚህ ስም የሚጠራው ማከማቻ ግን በታወቀ ሕንፃ ውስጥ የተደረደረ፣ ባለቤት፣ ቁልፍና ደንብ ያለው መሣሪያ ነው። ስለዚህ ‹መረጃዬ ደመና ላይ ነው› የሚል ሰው መረጃው በማን እጅ እንዳለ ገና አልተናገረም።

ነገሩን ለማስረዳት በምዕራብ ሸዋ፣ ከአምቦ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ላይ ከምትገኘው ከእጃጂ ምሳሌ እንውሰድ። በዚያ አካባቢ ገበሬው በቆሎውን በራሱ ግቢ በተሠራ ጎተራ ያኖራል። ዱቄት ሲያስፈልገው የሚበቃውን ያህል ቀንሶ ወፍጮ ቤት ይወስዳል፤ አስፈጭቶም ይመለሳል። ባለወፍጮው የመፍጫ ዋጋ ይቀበላል እንጂ ጎተራውን አይረከብም። ወፍጮው ቢሰበር ወይም ዋጋው ቢወደድ ገበሬው እህሉን ጭኖ ወደ ሌላ ወፍጮ ይሄዳል።

ዛሬ በብዛት የሚሠራባቸው የድር መተግበሪያዎች ግን ወፍጮውንና ጎተራውን በአንድ እጅ ያደረጉ ናቸው። በእጃጂ ያለ የአንድ ኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ያዥ የአባላቱን የብድር መዝገብ በእንዲህ ያለ መተግበሪያ ቢያስገባ፣ መዝገቡ የሚቀመጠው በመተግበሪያው ባለቤት ዘንድ ነው፤ ድርጅቱ አገልግሎቱን ሲዘጋ መዝገቡም አብሮ ሊዘጋ ይችላል። መስመር ሲቋረጥም ሥራው ይቆማል። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በአገሪቱ ለሳምንታት በተቋረጠ ጊዜ ይህ ዓይነቱ ጥገኝነት ምን እንደሚያስከትል ታይቷል።

ከዚህ የተለየው አሠራር ወፍጮውን ከጎተራው ይለያል። መተግበሪያው ወደ ተጠቃሚው አሳሽ ወርዶ እዚያው ይሠራል፤ መረጃው ደግሞ ተጠቃሚው በመረጠው ማኖሪያ ይቀመጣል። የዚህ አሠራር ደንብ ከሆኑት አንዱ ‹ሪሞትስቶሬጅ› ሲሆን ረቂቁ በ2012 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። በ1989 እ.ኤ.አ. የድርን ሐሳብ ያቀረቡት ቲም በርነርስ ሊም ‹ሶሊድ› የተባለውን ተመሳሳይ ሥራ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ጀምረዋል።

ሂደቱም እንደሚከተለው ነው። ተጠቃሚው የማኖሪያውን አድራሻ ለመተግበሪያው ይሰጣል፤ መተግበሪያውም ማኖሪያው ወዴት እንደሆነ በአድራሻው ያጣራል። ቀጥሎ ተጠቃሚው ወደ ማኖሪያው በር ይመራል፤ እዚያም መተግበሪያው የትኛውን ክፍል እንዲያይ፣ ማንበብ ብቻ ወይስ መጻፍም እንደሚችል ራሱ ይወስናል። መተግበሪያው ከዚያ በኋላ በተፈቀደለት ወሰን ያነባል፣ ይጽፋል፣ ይሰርዛል። አንድ ቅጂ በአሳሹ ውስጥ ስለሚቀር መስመር ቢቋረጥም ሥራው ይቀጥላል።

ለዚህ አሠራር የሚከተሉትን ቃላት እናቀርባለን።

ሀ/ አገልጋይና ተገልጋይ። ሁለቱ ከአንድ ግንድ ስለ ወጡ ‹ሰርቨር›ና ‹ክላይንት› የሚባሉትን ጥንዶች በሚገባ ይወክላሉ። ነገር ግን አገልጋይ ሲባል ለተገልጋዩ የሚታዘዝ ይመስላል፤ መሣሪያው በእርግጥ የሚታዘዘው ለባለቤቱ ነው። ስለዚህ ‹የራስ አገልጋይ› ወይም ‹የድርጅት አገልጋይ› እየተባለ ባለቤቱ አብሮ እንዲገለጽ ያስፈልጋል።

ለ/ የግል ቋት። ቋት የእህልና የዱቄት ማጠራቀሚያ ነው፤ ‹የመረጃ ቋት› የሚለው ስያሜም በሙያው ተለምዷል። ‹የግል› የሚለው ቅጽል ሲታከልበት ባለቤት ያለው ማኖሪያ መሆኑ ይታወቃል። ‹ደመና› የደበቀውን ይህ ቃል ይገልጠዋል።

ሐ/ ባለአደራ። የራሱን አገልጋይ ማቆም የማይችል ሰው ቋቱን በክፍያ የሚያስቀምጥለት ወገን ነው። ‹አከራይ› እንዳንል የሚቀመጠው ነገር የሌላ ሰው ንብረት ነው። በእጃጂ ገበያ ኦሮምኛ ተናጋሪው ‹ሀደራ› ሲል አማርኛ ተናጋሪው ‹አደራ› ይላል፤ ቃሉ ለሁለቱም ቅርብ በመሆኑ ተመራጭ ነው።

መ/ የፈቃድ ምልክት። ባለቤቱ ለመተግበሪያው የሚሰጠው፣ ወሰን ያለውና ሊሻር የሚችል መለያ ነው። ‹ቁልፍ› ማለት አይስማማም፤ ቁልፍ የያዘ ሁሉን ይከፍታልና።

ሠ/ ማመሳከር። ጸሐፍት ቅጂን ከእናት መጽሐፉ ጋር ሲያስተያዩ የሚጠቀሙበት ቃል ነው። በአሳሹ ያለውን ቅጂ በቋቱ ካለው ጋር ማስተያየትን ያመለክታል፤ ልዩነቱን ማቃናት ‹ማስተካከል› ይባላል። ‹ማመሳሰል› ሁለቱን ድርጊቶች ስለሚያደባልቅ አልመረጥነውም።

የስያሜው ግልጽነት የአሠራሩን ጉድለት እንዳያስረሳን ልንጠነቀቅ ይገባል። በራሱ ግቢ ጎተራ ያለው ሰው ነቀዙንና አይጡንም ራሱ ይከላከላል፤ እንዲሁም የራስ አገልጋይ ያለው ሰው ለመብራት መቋረጥ፣ ለመሣሪያ ብልሽትና ለመጠባበቂያ ቅጂ ራሱ ያስባል። ፈቃድ ያገኘ ታማኝ ያልሆነ መተግበሪያም ያነበበውን ወደ ሌላ ስፍራ ሊልክ ይችላል። የፈቃዱ ምልክት ቢሻር እንኳ አስቀድሞ የወጣው አይመለስም።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ለባለመረጃው መብት ሰጥቷል። ሰው ግን መብቱን የሚጠይቀው ንብረቱ በማን እጅ እንዳለ ሲያውቅ ነው። ‹ደመና› የሚለው ቃል በልማድ ስለ ጸና ከመዝገበ ቃላት ይውጣ አንልም፤ በፍችው ላይ ‹በሌላ ወገን አገልጋይ ላይ የሚገኝ ማከማቻ› የሚለው እንዲታከል ግን እናሳስባለን። አንባብያንም በየአካባቢያቸው የሚነገሩ የማኖሪያና የአደራ ቃላትን ከነአገባባቸው ቢጠቁሙን ለቀጣዩ የቃላት ምርጫ ይረዳሉ።