ስለ ቧንቧ ውኃ ሽታና በውስጡ ስለሚወለደው ነገር

ከአስኮ ባሻገር በአምቦ መንገድ በኩል የገፈርሳ ግድብ ይገኛል። የአዲስ አበባ ሕዝብ ከዚያ ውኃ ሲጠጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ኋላም በስተምሥራቅ የለገዳዲና የድሬ ግድቦች፥ በስተደቡብም የአቃቂ ጕድጓዶች ተጨመሩለት።

ቧንቧው ሲከፈት አንዳንድ ቀን የክሎሪን ሽታ ይሸታል። ይህን ሽታ የሚጠሉ እመቤቶች ብዙዎች ናቸው፤ ቡና ያበላሻል ማለታቸውም ሐሰት አይደለም። እኛ ግን ዛሬ ልናስረዳ የወደድነው ስለማይሸተው ነገር ነው።

ክሎሪን የበሽታ ተሐዋስያንን ይገድላል። ሆኖም ጎርፍ ወደ ግድብ ካስገባው ከበሰበሰ ቅጠልና ሣር ጋራ ሲገናኝ ሌላ ነገር ይወልዳል። ይህንንም ዮሐንስ ሮክ የተባለ የሆላንድ ሊቅ በሮተርዳም ከተማ ውኃ መርምሮ በ1974 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጽፎ ገለጠ። ከሚወለዱት ዋናው ክሎሮፎርም ነው፤ ይኸውም ቀድሞ ሐኪሞች በሽተኛን ያደነዝዙበት የነበረው ነው። ለብዙ ዓመት ቢጠጡት ነቀርሳ ያመጣል ተብሎ ስለሚጠረጠር፥ የዓለም ጤና ድርጅት በ1 ሊትር ውኃ ከ300 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ልክ አበጅቶለታል። 1 ግራም ለ10 ሺህ ቢከፈል 3 እጁ ማለት ነው።

ይህን ሰምቶ «እንግዲያስ ክሎሪኑ ይቅርብን» የሚል ቢኖር እጅግ ይሳሳታል። በ2008 ዓ.ም. ክረምት በአዲስ አበባ የገባው አጣዳፊ ተቅማጥ ገና አልተረሳም። እንዲህ ያለው በሽታ ሰውን በሰዓታት ይጥላል፤ የክሎሮፎርም ጥርጣሬ ግን የሚቆጠረው በብዙ ዓመታት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ስለዚህ ፍርሃት ተብሎ ክሎሪን እንዳይጓደል አጥብቆ ያሳስባል። የሚሻለው ክሎሪኑ ሳይገባ አስቀድሞ ውኃውን ከጭቃና ከቅጠል ማጥራት ነው፤ ይህም የውኃ መሥሪያ ቤት ፈንታ ነው። የለካውንም ቍጥር በየክረምቱ ለሕዝብ ቢገልጥ ደስ ይለናል።

የቤቱ ፈንታ ሌላ ነው። ውኃው በፈረቃ ሲመጣ በጀሪካንና በሮቶ ይከማቻል። በተዘጋ ዕቃ፥ ይልቁንም ፀሐይ በሚያሞቀው፥ ክሎሪኑ እስኪያልቅ ድረስ ሥራውን ስለማያቋርጥ ክሎሮፎርሙ ይበዛል። ካለቀ በኋላ ደግሞ ውኃው ጠባቂ ያጣልና ያልታጠበ ጣሳ ቢነከርበት ይበከላል። ስለዚህ የመጠጡ ዕቃ ታጥቦ፥ ተከድኖ፥ በጥላ ይቀመጥ።

ለሕፃናት የሚሆነውን ክዳኑን ከፍቶ ጥቂት ደቂቃ ማፍላት መልካም ነው፤ ክሎሮፎርም በ61 ዲግሪ ግድም ስለሚፈላ አብዛኛው በእንፋሎት ይወጣል። የወጣውን መልሶ እንዳይተነፍሱት መስኮቱ ይከፈት። የቀዘቀዘው ውኃ ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ይደረግ፤ እስከ ማግሥቱ ያልተጠጣው ለዕቃ ማጠቢያ ይሁን።