የካርቱም የወንበር ክርክርና የመተማ ኬላ

ጣምራ መንግሥት ማለት አንድ የፖለቲካ ድርጅት ብቻውን ለማስተዳደር የሚያበቃ ድምፅ ወይም ኃይል ሲያጣ ከሌሎች ጋር ሥልጣን ተካፍሎ የሚያቋቁመው መንግሥት ነው። በትርጉሙ ላይ የሚከራከር የለም። አከራካሪው ክፍፍሉ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትርነቱ ለማን ይሁን? የገንዘብ ሚኒስቴሩን ማን ይያዝ? ጦሩስ በማን እጅ ይደር? ተጣማሪዎቹ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ሌት ተቀን ሲሟገቱ ሦስተኛውን ሳይመልሱ ቢቀሩ ምን እንደሚከተል ለማወቅ የመተማ ነዋሪ መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልገውም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ከማዶ፣ ከገላባት በኩል ሲሻገር ያየው ሕዝብ በቂ ማስረጃ ነው። (ዘመኑን ሁሉ በእኛው አቆጣጠር እንጠቅሳለን።)

ጉዳዩን ከሥሩ እንመርምረው። ሱዳን በታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. ነፃነቷን ካወጀች በኋላ ወራት ሳይቆጠሩ ኡማ ፓርቲና የሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ ተጣምረው የመጀመሪያውን ጠቅላይ ሚኒስትር ኢስማኤል አል አዝሃሪን ከሥልጣን አወረዱ። አንደኛው የአንሳር፣ ሌላኛው የኻትሚያ ሃይማኖታዊ ማኅበር ወገን ነበር። ያገናኛቸው አዝሃሪን መጥላታቸው እንጂ የጋራ ፕሮግራም አልነበረም። ኅዳር 8 ቀን 1951 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ሊከፈት በተቀጠረበት ዕለት ጄኔራል ኢብራሂም አቡድ መንግሥቱን ያዙ፤ የጣምራው መሪ አብዳላ ኻሊል ራሳቸው በጉዳዩ እጃቸው እንደነበረበት በሰፊው ይነገራል። ከተቀናቃኝ ጋር ከመካፈል ለወታደር ማስረከብ የቀለላቸው ይመስላል። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው ሁለተኛው ጣምራም ኡማ ራሱ ለሁለት ተሰንጥቆ ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. በጃፋር ኒሜሪ እጅ አበቃ።

ይበልጥ የሚያስተምረን ሦስተኛው ነው። በሚያዝያ 1978 ዓ.ም. ምርጫ ኡማ አንድ መቶ ያህል፣ ዴሞክራቲክ ዩኒዮኒስት 63፣ የእስልምና ብሔራዊ ግንባር 51 መቀመጫ አገኙ። ብቻውን የሚገዛ አልነበረም። ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ሳዲቅ አል ማህዲ፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ የወደቁበትን የደርቡሽ ጦር የመሠረተው የማህዲ ልጅ የልጅ ልጅ ናቸው። ተጣማሪያቸው መሐመድ ኦስማን አል ሚርጋኒ የኻትሚያ መሪ ነበሩ። በነሐሴ 1979 ዓ.ም. ሁለቱ ተጣሉ። በምን? በደቡብ ስለሚካሄደው ጦርነት አልነበረም፤ ስለ ረሃቡም አልነበረም። በርእሰ ብሔርነት በሚሠራው የአምስት ሰዎች ምክር ቤት ውስጥ አንዲት ወንበር ዩኒዮኒስቶች ባጩት ሰው እንዳትያዝ ሳዲቅ በመቃወማቸው ነበር። መንግሥቱ ፈረሰ፤ ሌላ ጣምራ ለማቋቋም ዘጠኝ ወር ፈጀ። በእነዚያ ዘጠኝ ወራት በደቡብ ስንት ሰው እንዳለቀ የቆጠረ ሚኒስትር አልነበረም።

ሆኖም ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ሚርጋኒ ኅዳር 7 ቀን 1981 ዓ.ም. በዚሁ በአዲስ አበባ ከጆን ጋራንግ ጋር የሰላም ስምምነት ፈርመዋል። ተኩስ እንዲቆምና የሸሪዓ ሕግጋት ለጊዜው እንዲታገዱ የሚል ነበር። ሰላሙን ተቀናቃኙ ስላመጣው ግን በጣምራው ውስጥ ተቀባይነት አጣ፤ ዩኒዮኒስቶችም ወጡ። በዚያው ታኅሣሥ የስኳር ዋጋ ሲንር የካርቱም ሠራተኛ ለአድማ አደባባይ ወጣ። መንግሥቱ ወደ ልቡ የተመለሰው በየካቲት የጦር አዛዦች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሲያቀርቡለት ነው። ሠራተኛው በአድማ ያላገኘውን ጄኔራሎች በአንድ ወረቀት አገኙት። ስምምነቱ በሥራ ሊተረጎም ሲቃረብ፣ ሰኔ 23 ቀን 1981 ዓ.ም. ኦማር አል በሽር ቤተ መንግሥቱን ያዙ። መተማ ላይ ከተደረገው ጦርነት ልክ መቶ ዓመት ሆኖ ነበር።

በሽር በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ሲወድቁ የተደረገው ክፍፍል በሒሳብ ረገድ እንከን አልነበረውም። አሸማጋዮቹም ከአፍሪካ ኅብረት ጋር እኛው ነበርን። ነሐሴ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. በተፈረመው ሰነድ መሠረት የሉዓላዊው ምክር ቤት 11 መቀመጫ ለመኮንኖች 5፣ ለሲቪሎች 5፣ በስምምነት ለሚመረጥ ሰው 1 ተደለደለ። ከ39 ወራት በ21ዱ ወታደር፣ በቀሩት 18 ሲቪል ሊቀመንበር እንዲሆን ተወሰነ። የመከላከያና የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሮችን የሚያጨው ግን ጦሩ ነበር፤ የመሐመድ ሃምዳን ዳጋሎ ፈጥኖ ደራሽ ኃይልም እንደ ታጠቀ ቆየ። ወንበሩ ተካፈለ፤ ጠመንጃው አልተካፈለም። ሲቪሎቹም በፊናቸው ተከፋፈሉ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ከእነርሱ የተገነጠለ ወገን ቤተ መንግሥቱ ደጃፍ ተቀምጦ ጦሩ መንግሥቱን እንዲያፈርስ ጠየቀ። ዘጠኝ ቀን ቆይቶ፣ ጥቅምት 15፣ ጄኔራል አብደል ፈታህ አል ቡርሃን የተጠየቁትን ፈጸሙ። የሊቀ መንበርነቱ ርክክብ የቀረበበት ወቅት ነበር።

የጎረቤትን ጓዳ ስንፈትሽ የራሳችንን መዝለል አይገባንም። በዕድሜ የገፉ የቀበሌ ነዋሪዎች እንደሚያስታውሱት በ1969 ዓ.ም. መኢሶን፣ ወዝ ሊግ፣ ማሌሪድ፣ ኢጭአትና አብዮታዊ ሰደድ ኢማሌድኅ በሚል ኅብረት ተሰባስበው ነበር። በየቀበሌውና በየሠራተኛ ማኅበሩ ማን ካድሬውን ያስቀምጥ በሚል ሲሻኮቱ መኢሶን በነሐሴ ወጣ። ሌሎቹም ተራ በተራ ተመቱ። የቀረው ሰደድ ነው፤ የመኮንኖቹ ድርጅት። ብዙ ወጣት በዚያ ሽኩቻ እንዳለቀ ከአንባቢያን መካከል ሐዘን የተቀመጠ ያውቀዋል።

ወደ ካርቱም እንመለስ። ኅዳር 26 ቀን 2015 ዓ.ም. የማዕቀፍ ስምምነት ሲፈረም ያቺ የተዘለለች ሦስተኛ ጥያቄ በመጨረሻ ጠረጴዛ ላይ ወጣች። ፈጥኖ ደራሹ በስንት ጊዜ ከመደበኛው ጦር ይቀላቀል? ጦሩ ሁለት ዓመት አለ፤ ዳጋሎ አሥር። ልዩነቱ በቃል ሳይፈታ ቀርቶ በአራት ወር ገደማ ወደ ከባድ መሣሪያ ተሸጋገረ።

ሸክሙ መተማ ላይ አረፈ። ሰሊጥና ጥጥ አምራቹ፣ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ ከገዳሪፍ ጋር የሚነግደው ሁሉ ገበያው ታወከበት። ስደተኞች በኩመርና በአውላላ ተጠለሉ። የአካባቢው ነዋሪ ራሱ ሰላም ባጣበት በ2016 ዓ.ም. ከመጠለያዎቹ በታጣቂዎች ዘረፋ ተማርረው መንገድ ዳር የሰፈሩ ነበሩ። በኬላው ከተሻገሩት መካከልም በካርቱም በቤት ሠራተኝነትና ሻይ በመሸጥ ይተዳደሩ የነበሩ ወገኖቻችን ይገኙባቸዋል። ሁለት ዓመት ይሻላል ወይስ አሥር ብሎ የጠየቃቸው ወገን አልነበረም።