ጋይንት፣ ማኅተም የሌለው አገር

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የነፋስ መውጫ ሰው «አገርህ ወዴት ነው?» ቢባል «ጋይንት» ብሎ ይመልሳል። የአርብ ገበያው ሰውም እንደዚያው። ነገር ግን ዛሬ ጋይንት ብቻውን ስሙ የሰፈረበት መሥሪያ ቤት የለም። መታወቂያ የሚሰጥና ማኅተም የሚመታ የላይ ጋይንት ወረዳ አለ፤ የታች ጋይንት ወረዳም አለ። ድሮ በአውራጃነቱ ዘመን ነፋስ መውጫ ዋና ከተማው ሆና፣ ጋይንት በበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ሥር ራሱን ችሎ ይቆጠር ነበር። በኋላ ጎንደር የተባለው ይኸው ክፍለ ሀገር በ1980 ዓ.ም. ሰሜንና ደቡብ ተብሎ ሲከፈል ወደ ደቡቡ ሄደ። ቀጥሎ ዞንና ወረዳ ሲመጣ አውራጃ የሚባለው እርከን ራሱ ቀረና ጋይንት ከመዝገብ ወጣ። ከሰው አፍ ግን እስካሁን አልወጣም።

ነገሩ የገባኝ ራቅ ካለ አገር ጋር ሳነጻጽረው ነው። ከአሜሪካ 50 ግዛቶች በስፋት ከመጨረሻ ሦስተኛዋ ኮኔክቲከት 14,357 ካሬ ኪሎ ሜትር ትሆናለች። ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን የያዘው የደቡብ ጎንደር ዞን ደግሞ 14,095 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቢለኩ እኩያ ናቸው። ይሁን እንጂ ኮኔክቲከት የራሷ ገዥ፣ የራሷ ምክር ቤትና የራሷ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አላት፤ በዋሽንግተኑ ሴኔትም ልክ እንደ ካሊፎርኒያ ሁለት ወንበር ይዛለች። ይህ በእድል የመጣ አይደለም። በ1787 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅ ትልልቆቹ ግዛቶች «ውክልናው በሕዝብ ቁጥር ይሁን» አሉ፤ ትንንሾቹ እንዳይዋጡ ፈሩ። የኮኔክቲከቱ ተወካይ ሮጀር ሸርማን ካቀረቧቸው አስታራቂ ሐሳቦች አንዱ፣ አንዱ ምክር ቤት በሕዝብ ብዛት፣ ሌላው በግዛት እኩል እንዲቆም የሚለው ነበር፤ እሱም ጸደቀ። በዚያው ሕግ መሠረት ያለ ግዛቷ ፈቃድ ከመሬቷ ቆርሶ ሌላ ግዛት ማቆም አይቻልም።

ጋይንት እንዲህ ያለ አንቀጽ ኖሮት አያውቅም። እሱን የጠበቀው ገደል ነው።

በስተ ምዕራብ የጉና ተራራ አለ። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ፋርጣም፣ እስቴም፣ ላይ ጋይንትም «የእኛ ነው» የሚሉት፣ ሦስቱም እውነታቸውን የሆነ ተራራ ነው። ጉና የሚታወቀው ከከፍታው ይልቅ በውኃው ነው። ወደ ምዕራብ የሚወርደው ዝናብ በርብና በጉማራ በኩል ጣና ይገባል፤ ከጣና ዓባይ ሆኖ ይወጣል። ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ የሚፈሰው በሽሎን ይቀላቀላል፤ በሽሎም ዞሮ ከዓባይ ይገናኛል። በሰሜን በኩል ያለው ደግሞ ለተከዜ ይገብራል፤ ተከዜም ሱዳን ውስጥ አትባራ ተብሎ ከዓባይ ጋር ይጋጠማል። በአንድ ሸንተረር ግራና ቀኝ የወደቀ አንድ ዝናብ ተለያይቶ፣ በረሃውን ሁሉ ዞሮ፣ ከአትባራ ከተማ አጠገብ እንደገና አንድ ውኃ ይሆናል ማለት ነው። የአገሩ ሰው ይህን ጉዞ በካርታ አላጠናውም፤ በየትኛው በኩል ጎርፉ አፈሩን ይዞበት እንደሚሄድ ግን አሳምሮ ያውቃል።

በነዚህ ውኃዎች መካከል የቀረው መሬት ከላይ ሜዳና ሸንተረር፣ ከጎንና ከጎን ገደል ነው። «ላይ» እና «ታች» የሚሉት ቅጽሎች የቢሮ ፈጠራ አይደሉም፤ መሬቱ ራሱ የተናገራቸው ናቸው። ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ሆና በሸንተረሩ ላይ ተቀምጣለች። ስሟ የተሰጣት ለምን እንደሆነ መጠየቅ ያለበት ሰኔ ላይ ወይም ኅዳር ላይ ጠዋት በዚያ ያልቆመ ሰው ብቻ ነው። ደጋው ገብስ፣ ስንዴና ድንች ያበቅላል፤ በግ ያረባል። በጌምድር የሚለውን ስም «የበግ ምድር» ብለው የሚፈቱ ሰዎች ጉናን ካዩ በኋላ ባይሆን ኖሮ ይህን ፍቺ ባልደፈሩት ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ። ወደ ታች ሲወርዱ ጤፍ ይመጣል፤ ወደ በሽሎ ሲጠጉ ማሽላና ሙቀት። በግማሽ ቀን የእግር መንገድ ካባ ለብሶ የተነሣ ሰው ካባውን ትከሻው ላይ ጥሎ ይደርሳል። ገበያው የቆመው በዚህ ልዩነት ነው፤ የላዩ የታቹን፣ የታቹ የላዩን ይፈልጋል። ስማዳ ከዋና ከተማው ከወገዳ ጋር፣ እስቴም ከመካነ ኢየሱስ ጋር በደቡብ በኩል ወደ ዓባይ ሸለቆ ያዘቀዝቃሉ፤ ማዶው ጎጃም ነው።

በስተ ምሥራቅ በር አለ፤ ጨጨሆ። ከበጌምድር ወደ ዋድላና ወደ ላስታ የሚሻገር ሁሉ በዚህ ያልፋል። በታሪክ ይህን በር እንደ ዐፄ ቴዎድሮስ የከፈለበት ሰው የለም። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. መባቻ ንጉሡ ከደብረ ታቦር ሲነሡ በጋፋት ያሠሩትን ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ፣ ሴባስቶፖልን፣ አስይዘው ነበር። መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም፤ መድፉ እንዲያልፍ መንገዱ ከፊቱ ይሠራ ነበር። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር ብለው የጻፉ አሉ። በጋይንት በኩል አልፈው፣ የጨጨሆን አቀበት ወጥተው፣ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው፤ በሚያዝያ 6 ሁሉም ነገር አለቀ። ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጉዞ መሆኑ ነው። ያንን መድፍ ለማየት የሚፈልግ ሰው ዛሬም መቅደላ ላይ ያገኘዋል።

አሁን ያ አቀበት በመኪና ይታለፋል። ኃይለ ሥላሴ በ1971 እ.ኤ.አ. ቤጂንግ ሄደው ከተመለሱ በኋላ በመጣ የቻይና ብድር ከወረታ እስከ ወልድያ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ተቀደደ፤ ሕዝቡም «የቻይና መንገድ» አለው፣ ዛሬም ይለዋል። መንገዱ ጣናን ከወሎ አገናኘ፤ ነፋስ መውጫንም የመንገድ ከተማ አደረጋት። መንገድ ግን የሚያመጣውን አይመርጥም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት የትግራይ ኃይሎች በዚሁ መንገድ መጥተው ከተማዋን ለቀናት ያዙ፤ በሴቶች ላይ የተፈጸመው ግፍ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ በአምነስቲ ኢንተርናሽናል ዘገባ ለዓለም ተነገረ።

ስለ ድህነቱ አሳጥሬ ልናገር፤ አንባቢም ቀድሞ የሰማው ነው። በ1999ኙ ቆጠራ የላይ ጋይንት ወረዳ ብቻውን ከ200 ሺህ በላይ ሰው ነበረው፤ ሁሉም ማለት ይቻላል በዝናብ የሚያርስ። ዳገቱ ታርሶ ታርሶ አፈሩ ሳስቷል፤ ማሳው ለልጅ ልጅ ሲካፈል አንሷል። ሁለቱ ጋይንቶችና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ታቅፈው ቆይተዋል። ክረምት ሲወጣ ጎልማሳው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ይወርዳል። ትንሽነቱ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፦ ኮኔክቲከት ግብሯን ራሷ ሰብስባ ራሷ ትመድባለች፤ ወረዳ ግን በጀቱን ከላይ ይጠብቃል፣ ሁለት ከተከፈለ በኋላ ደግሞ ሁለት ሆኖ ይጠብቃል።

ጋይንትን ከጋይንት ውጭ ያለ ሰው የሚያውቀው ግን በዚህ ሁሉ አይደለም። የሚያውቀው በቤተ ልሔም ነው።

ቤተ ልሔም የቤተ ክርስቲያን ስም ነው፤ የትምህርት ቤትም ስም ነው። በአብነት ትምህርት «ቤት» ሲባል ግድግዳና ጣራ ማለት አይደለም፤ ስልት ማለት ነው፣ የአነጋገርና የአዚያዜም ልማድ። የድጓ ዋና ዋና ቤቶች ቤተ ልሔም፣ ቆማ፣ አጫብርና ተጉለት ናቸው። ከነዚህ ሰፍቶ የሄደውና መመዘኛ የሆነው የቤተ ልሔሙ ነው። ድጓ የቅዱስ ያሬድ ተብሎ የሚታመን የዓመቱ መዝሙር ነው፤ ከመስከረም ዮሐንስ ጀምሮ በአስተምሕሮና በፋሲካ አልፎ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይሄዳል። ዐቢይ ጾም የራሱ መጽሐፍ አለው፤ ጾመ ድጓ። ዜማው ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ ተብሎ በሦስት ይሄዳል፤ በፊደሉ ላይ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት ይሰፍራሉ። ምልክቱ ግን ብቻውን አያዜምም። ይዘት የት ላይ ምን ያህል እንደሚያዝ የሚያስተምረው የመምህሩ ጉሮሮ ነው። ስለዚህ ድጓ ከመጽሐፍ ብቻ አይማሩትም፤ ሄደው፣ ተቀምጠው፣ ጎጆ ሠርተው ይማሩታል።

ለዚህ ነው ተማሪው ከሸዋም፣ ከትግራይም፣ ከወሎም ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ወደዚህ ገደላማ አገር የሚመጣው። ቀን ቁራሽ ይለምናል፤ ሌሊት ያዜማል። በቀደመው ልማድ የራሱን ድጓ በእጁ ገልብጦ መጻፍ ነበረበት፤ ብራናውን ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ። ያንን ሁሉ የሚመግበው ገበሬ ማን እንደሆነ አስቡት፦ ይኸው ራሱ እርዳታ የሚጠብቀው ገበሬ ነው። ስለ ጋይንት ከሚነገረው ሁሉ ለእኔ የሚከብደው ይህ ነው። በቂ እህል የሌለው አገር፣ ለዘመናት ከየአቅጣጫው የመጣ የሰው ልጅ በቁራሽ አስተምሯል። ተማሪውም ከዚህ ተነሥቶ ቀጣዩን ቤት ለማግኘት ሩቅ አይሄድም፤ ዝማሬ መዋሥእት በዚያው አካባቢ ዙር አባ አለ፤ ቅኔ ከጨጨሆ ማዶ ዋድላ ላይ ይጠብቀዋል።

ሕንፃውም ታሪክ አለው። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ቶማስ ፓከናም በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወደዚህ ሲመጣ ከውጭ ያየው እንደ ማንኛውም የገጠር ደብር ክብ የሣር ክዳን ነበር። ውስጡ ሲገባ ግን ያ ክብ ልብስ ብቻ ሆኖ አገኘው፤ በውስጡ አራት ማዕዘን የሆነ የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። የውጭ ሊቃውንት ስለ መኖሩ አያውቁም ነበር፤ እሱም በ1959 እ.ኤ.አ. በታተመው «የራሴላስ ተራሮች» በተባለው የጉዞ መጽሐፉ አስነበባቸው። «ተገኘ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ያስቀኛል። በዚያ ክዳን ሥር ስንት መቶ ዓመት ማኅሌት ሲቆም ነበር።

ጋይንት ዛሬም እንደ ስሙ አንድ ሆኖ ማኅተም የለውም። ድጓውን ጨርሶ በቤተ ልሔም መምህር ፊት ያስመሰከረ መሪጌታ ግን ወለጋ ይሂድ፣ ትግራይ ይሂድ፣ «ከየት ተማርህ?» ተብሎ ሲጠየቅ የቦታውን ስም ብቻ ይናገራል፤ ደግሞ የሚፈትነው የለም።