ከብቅሉ የሚጀምር የስንዴ ቢራ

የጀርመኗ የባቫሪያ ግዛት የስንዴ ቢራ ሙዝና ቅርንፉድ ይሸታል፤ የሚገባበት ግን ብቅል፣ ሆፕ፣ ውሃና እርሾ ብቻ ነው። ቤቱ ሊጠምቀው የሚፈልግ ሰው ሁለት መንገድ አለው፦ ፋብሪካ ያዘጋጀውን የብቅል ሽሮፕ ገዝቶ በውሃ ማቅጠን፣ ወይም ብቅሉን ራሱ ከክቶ መዘፍዘፍ። ሁለተኛው ግማሽ ቀን ይፈጃል። ድካሙ ግን ከንቱ አይደለም፤ ከሁለቱ ሽታዎች የአንዱ መነሻ ድፍድፉ ውስጥ ነው።

ለ20 ሊትር ቢራ 4.5 ኪሎ ያህል ብቅል ይበቃል። በጀርመን ሕግ ቢያንስ ግማሹ የስንዴ ብቅል መሆን አለበት፤ የቀረው የገብስ ነው። ገብሱ የሚገባው ለማሟያ ብቻ አይደለም። ስንዴ ሲወቃ ገለፈቱ ስለሚለቀው፣ ለብቻው ቢዘፈዘፍ ተጣብቆ ፈሳሹን አላሳልፍ ይላል፤ የገብሱ ገለፈት ግን ከሥር ተነጥፎ ማጥለያ ይሆናል። የተከካው ብቅል መጀመሪያ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ባለው ውሃ ውስጥ ለ20 ደቂቃ ያህል ይቆያል። በዚህ ሙቀት ኢንዛይሞች ከእህሉ ውስጥ ፌሩሊክ አሲድ የተባለ ንጥረ ነገር ያላቅቃሉ፤ እርሾው ኋላ ወደ ቅርንፉድ ሽታ የሚለውጠው ይህንኑ ነው። ከዚያ ሙቀቱ ወደ 66 ዲግሪ ከፍ ይልና ለአንድ ሰዓት ያህል ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል። የተጠለለው ፈሳሽ ከጥቂት ሆፕ ጋር እሳት ላይ ይንተከተካል፤ የሆፕ ሥራ ጌሾ በጠላ ውስጥ እንደሚሠራው ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ እርሾ ይጨመርበታል።

«ታዲያ ጣዕሙ የእርሾው አይደለምን?» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። ከአብዛኞቹ ሌሎች የቢራ እርሾዎች አንዱ ቢጨመር ያ የተላቀቀ አሲድ እንዳለ ይቀራል፣ ቅርንፉዱም አይመጣም። የሙዙ ሽታም እርሾው በሚፈላበት ጊዜ የሚሠራው ነው፤ ወደ 17 ዲግሪ ሲሆን ይለዝባል፣ ከ22 ሲያልፍ ይበረታል። በሽሮፕ ላይም ትክክለኛው እርሾ ቢገባ ጥሩ ቢራ ይወጣል። ሆኖም እርሾ የሚለውጠው ያገኘውን ነው፤ በሽሮፕ የሚጠምቅ ሰው ስለ ድፍድፉ የሚወስነው ነገር የለም፣ ፋብሪካው አስቀድሞ ወስኖለታል። ከእህሉ የሚጀምረው ግን ሁለቱንም ይመራል፤ ቅርንፉዱን በዝፍዘፋው፣ ሙዙን በመፍላቱ ሙቀት።

የጀርመን ቢራ ጥራት ከጥንቱ ድንጋጌ የመጣ ነው፣ ስለዚህ ዋናው ንጹሕ ግብዓት ነው የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1516 ኢንጎልሽታት ላይ የታወጀው ድንጋጌ ግን የፈቀደው ገብስ፣ ሆፕና ውሃ ብቻ ነበር፤ እርሾን አላነሳም፣ ስንዴንም አልፈቀደም። የስንዴ ቢራ የኖረው በልዩ ፈቃድ ነው። ፈቃዱ በ1602 በባቫሪያው መስፍን በማክሲሚሊያን ቀዳማዊ እጅ ገባ፤ ጠማቂው ጌኦርግ ሽናይደር ይህን ቢራ የመጥመቅ መብት ያገኘው በ1872 ነው። እንግዲህ ይህን ቢራ ያስከበረው የግብዓት ዝርዝር ሳይሆን የጠማቂው አያያዝ ነው። የሚጠራጠር ሰው ያንኑ ብቅል ሁለት ጊዜ ይጥመቅ፤ አንዱን 45 ዲግሪ ላይ አቆይቶ፣ ሌላውን በቀጥታ በ66 ጀምሮ። እርሾውና የመፍላቱ ሙቀት አንድ ይሁኑ፤ ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን ቀምሶ ይፍረድ።