የቪዲዮ ጌም ደስታና ብስጭት በሰው አገር

ሰው ከአገሩ ተለይቶ በባዕድ አገር ሲቀመጥ ቀኑን በሥራ ወይም በትምህርት ያሳልፈዋል፤ የሚከብደው ግን ማታው ነው። በአገሩ ሳለ ከመሸ በኋላ ጎረቤት ብቅ ይላል፥ ቡና ይፈላል፥ ልጆችም ተረት ንገሩን እያሉ ያስቸግራሉ። በሰው አገር ግን በሩን ዘግቶ ከተቀመጠ ወዲያ የሚያነጋግረው አያገኝም። ስለዚህ በዛሬው ዘመን ከአገራቸው ወጥተው ከሚኖሩት ሰዎች ብዙዎቹ፥ ጐልማሶችና የልጆች አባቶች ጭምር፥ ማታውን በቪዲዮ ጌም ማሳለፍን ለምደዋል። ይህንን የሰማ ሽማግሌ «እንዲህ ያለውማ የልጅ ነገር ነው» ብሎ ይንቀው ይሆናል። ነገር ግን ይህ ጨዋታ አባትን ከልጁ ጋር የሚያገናኝበት መንገድ እንዳለው ሁሉ፥ በድንበርና በገንዘብ ምክንያት የሚያስቸግርበትም መንገድ ብዙ ስለ ሆነ፥ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ያለው ቤተ ሰብ አስቀድሞ ቢያውቀው ይጠቅመዋል።

ምሳሌያችንን የምናወጣው ከጃፓን ነው። ከዚህ ጨዋታ ዕቃ ሠሪዎች ታላላቆቹ ከዚያ የወጡ ስለ ሆነ፥ ከእኛም አገር ለትምህርት ወደዚያ የሚሄዱ ስላሉ፥ ነገሩ በዚያ ጐልቶ ይታያል። ዓመቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስታውስልን። ኒንቴንዶ የተባለው ኩባንያ በ1889 ዓ.ም. በኪዮቶ ከተማ ሲቋቋም ሥራው የመጫወቻ ካርታ መሥራት ነበር። መቶ ዓመት ሊሞላው ስድስት ዓመት ሲቀረው፥ በ1983 ዓ.ም.፥ ፋሚኮም የሚባለውን በቴሌቪዥን ላይ የሚጫወቱበትን ዕቃ አወጣ፤ በ1985 ዓ.ም. ደግሞ ይህንኑ መልኩን ለውጦ በአሜሪካ መሸጥ ጀመረ። የመጀመሪያው ብስጭት የሚወለደው ከዚህ ላይ ነው።

ሁለቱ ዕቃዎች በውስጣቸው ወንድማማች ሆነው ሳለ፥ የጃፓኑ ካሴት 60 የኤሌክትሪክ መገናኛ ጥርስ ሲኖረው የአሜሪካው 72 ነበረው፤ ቅርጹም የተለየ ነው። ከዚህም በላይ በአሜሪካው ዕቃ ውስጥ እንደ በር ጠባቂ ሆና የምትሠራ ትንሽ ቺፕ ተጨመረች፤ በካሴቱ ውስጥ ያለችው ጓደኛዋ ትክክለኛውን ምልክት ካልመለሰችላት ጨዋታው አይነሣም። በ1994 ዓ.ም. ሶኒ የተባለው ኩባንያ ፕሌይስቴሽንን ሲያወጣ ደግሞ በሲዲው ላይ የተሰወረ ምልክት አደረገ፤ ዓለምም በሦስት ተከፈለ፥ ጃፓን፥ አሜሪካ፥ አውሮፓ ከነአውስትራልያ። በአንደኛው የተገዛ ሲዲ በሌላው ዕቃ ላይ ቢያስቀምጡት እንደ ባዶ ሰሃን ይዞራል እንጂ አይሠራም።

የቴሌቪዥኑም ነገር ነበረበት። የአውሮፓ ቴሌቪዥን ሥዕሉን በሴኮንድ 50 ጊዜ ሲያድስ የጃፓንና የአሜሪካው 60 ጊዜ ያድስ ስለ ነበር፥ ሳይስተካከሉ ወደ አውሮፓ የተላኩ ብዙ ጨዋታዎች ከፍጥነታቸው ከስድስት እጅ አንዱን ያጡ ነበር። በቶኪዮ የሚሮጠው ጀግና ለንደን ሲደርስ ሶምሶማ ይሄድ ነበር ማለት ነው። ስለ መብራቱም፥ የጃፓን ኤሌክትሪክ 100 ቮልት ሲሆን የእኛ 220 ስለ ሆነ፥ ለ100 ቮልት ብቻ የተሠራውን የቆየ ዕቃ ወደ አዲስ አበባ አምጥቶ ያለ ትራንስፎርመር የሰካ ሰው ከጭሱ በቀር የሚያየው ጨዋታ የለም።

ነጋዴዎቹ ለዚህ አከፋፈል ምክንያት አላቸው። ጨዋታው ለየቋንቋው እስኪተረጐም ጊዜ ይፈጃል፤ ዋጋው በየአገሩ ይለያያል፤ ለልጆች የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን የሚወስነው ደንብም አንድ ዓይነት አይደለም፤ ወኪሎቹም እያንዳንዳቸው የተመደበላቸው ገበያ እንዳይነካባቸው ይፈልጋሉ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ገንዘቡን ከፍሎ የገዛ መንገደኛ ዕቃውን ይዞ ድንበር ቢሻገር ምን በደለ?

ይህ ጥያቄ በአውስትራልያ እስከ መጨረሻው ፍርድ ቤት ደርሷል፤ የፍርድ ነገር ለሚወድ አንባቢም ጥቂት ልናወራለት ይገባናል። አንድ የሲድኒ ከተማ ሰው ምልክቱ ሳይጠየቅ ጨዋታውን የምታስነሣ ቺፕ በፕሌይስቴሽን ውስጥ እያስገባ በገንዘብ ይሸጥ ነበር። በዚህች ቺፕ በስርቆት የተቀዳ ሲዲም፥ በሌላ አገር በትክክለኛ ዋጋ የተገዛ ሲዲም እኩል ይሠራ ነበር። ኩባንያው ከሰሰው። በ2002 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዳኛ በዚህ ነገር ለሰውየው ፈረዱ፤ በ2003 ዓ.ም. ይግባኝ ሰሚዎቹ ፍርዱን ገልብጠው ለኩባንያው ፈረዱ፤ በኦክቶበር 6 ቀን 2005 ዓ.ም. ግን የመጨረሻው ፍርድ ቤት ስድስት ዳኞች ተቀምጠው የይግባኙን ፍርድ ሻሩት። ሐሳባቸው እንዲህ ነው። ሕጉ የሚጠብቀው የደራሲን መብት ከመጣስ የሚያግደውን መሣሪያ ነው፤ ይህ ምልክት ግን ሲዲውን ከመቅዳት አያግድም፤ የሚያግደው ከተቀዳ በኋላ መጫወቱን ነው፤ መጫወት ደግሞ መቅዳት አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ሕጉን ለሠሪዎቹ ጥቅም አጠነከረው፤ ሆኖም ከሌላ አገር በሕጋዊ መንገድ የተገዛውን ፊልም ወይም ጨዋታ በአገር እንዳይሠራ የሚከለክለውን፥ ገበያን ለመከፋፈል የተደረገውን ቁልፍ፥ ከጥበቃው አወጣው። በእኛ አስተያየት ይህ ሚዛኑን የጠበቀ ሕግ ነው። ሌባውና መንገደኛው በአንድ ገመድ መታሰር አልነበረባቸውም።

ከዚያ ወዲህ በካሴቱና በሲዲው ላይ የነበረው ቁልፍ እየላላ ሄደ። በ2017 ዓ.ም. የወጣው ኒንቴንዶ ስዊች ከየትም አገር የተገዛ ካሴት ይቀበላል፤ የመብራት መሰኪያውም ከ100 እስከ 240 ቮልት ይችላል። ነገር ግን ቁልፉ ከካሴቱ ወጥቶ ወደ አካውንቱና ወደ ገንዘቡ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። በጁን 5 ቀን 2025 ዓ.ም. ስዊች 2 ሲወጣ በጃፓን ሁለት ዓይነት ሆኖ ቀረበ። አንደኛው ጃፓንኛ ብቻ የሚናገር ሲሆን ዋጋው 49,980 የን ነበር፤ ሁለተኛው ብዙ ቋንቋ የሚችል ሲሆን 69,980 የን ነበር። በርካሹ ላይ የሚገባው አገሩ ጃፓን ተብሎ የተመዘገበ አካውንት ብቻ ነው፤ የዕቃውም የራሱ ጽሑፍ ሁሉ ወደ ሌላ ቋንቋ አይለወጥም። እንግዲህ በ20,000 የን ልዩነት ደስ ብሎት ርካሹን ገዝቶ ለልጁ ስጦታ የሚልክ አባት ምን እንደሚገጥመው አንባቢ ያስበው። ልጁ ዕቃውን ከፍቶ የሚያየው ጽሑፍ አንድም ሊያነበው የማይችለው ነው።

በዚያው ዓመት ከማርች 25 ቀን ጀምሮ የኒንቴንዶ የጃፓን የኢንተርኔት መደብር በሌላ አገር ባንክ የወጣ የክፍያ ካርድ መቀበሉን አቆመ፤ ምክንያቱም ማጭበርበርን ለመከላከል ነው ተባለ። ለአገሩ ሰው ምንም አልጐደለበትም። አሁን የደረሰና በጃፓን ባንክ ገና ያልተመዘገበ ተማሪ ግን ኪሱ ውስጥ ገንዘብ እያለው ገዢ አይደለም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሌሊትና ቀን ከማይዘጉት የመንደር ሱቆች በጥሬ ገንዘብ ቀድሞ የተከፈለበት ካርድ መግዛት ነው። ይህንንም የሚነግረው ሰው እስኪያገኝ ብዙ ማታ ያልፍበታል።

ስለ ብስጭቱ ይህን ያህል ካልን፥ ደስታው ደግሞ ከማይጠበቅ በኩል ይመጣል፤ ይኸውም ከፊደሉ ነው። ጃፓኖች ከቻይና የተቀበሉት በሺሕ የሚቈጠር ጽሕፈት ቢኖራቸውም፥ ከዚያ ሌላ ሂራጋናና ካታካና የሚባሉ፥ እያንዳንዳቸው 46 ዋና ሆሄያት ያሏቸው ሁለት ፊደላት አሏቸው። እነዚህ እንደ እኛ ፊደል አንዱ ሆሄ አንድ ድምፅ ከነአናባቢው የሚይዝ ናቸው። ሕፃኑ ሲቈጥር ካ፥ ኪ፥ ኩ፥ ኬ፥ ኮ ይላል። በየኔታ ፊት ተቀምጦ ሀ ሁ ያለ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ልዩነቱ የእኛ ካዕብና ሣልስ በእናታቸው መልክ ሲታወቁ፥ የእነርሱ እያንዳንዱ ሆሄ ለብቻው ሌላ መልክ ያለው መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ቍጥሩ ከእኛ 231 ቢያንስም በቃል መያዙ አያንስም።

በ1996 ዓ.ም. በጌም ቦይ ላይ የወጣው የመጀመሪያው ፖኬሞን የተጻፈው በነዚህ ሆሄያት ብቻ ነው፤ የቻይናው ጽሕፈት አልገባበትም። የጃፓን ጽሑፍ እንደ ልማዱ ቃልን ከቃል ሳይለይ አያይዞ ሲጽፍ፥ በዚህ ጨዋታ ግን ልጆች እንዳይቸገሩ በቃላቱ መካከል ባዶ ቦታ ተትቷል፤ የእኛ አባቶች ሁለት ነጥብ እንዳደረጉት ማለት ነው። ጌም ቦይ ደግሞ ከየትኛውም አገር የመጣ ካሴት የሚቀበል ዕቃ ስለ ነበር፥ አሮጌውን ካሴት ቶኪዮ ውስጥ አኪሃባራ ከሚባለው ሰፈር ገዝቶ የሚማርበት እንግዳ እስከ ዛሬ አለ። ጨዋታው ሱቅ፥ መድኃኒት፥ ወንዝ፥ ዋሻ የሚለውን ቃል መቶ ጊዜ ይደጋግምበታል፤ ካላነበበም ወደ ፊት አያሳልፈውም። መምህሩ አይቈጣም፥ አለንጋም የለውም፤ ሆኖም ሳያነቡ አለማለፍን እንደ የኔታ አጥብቆ ያውቃል። በክፍል ውስጥ ሲያፍር የዋለ ተማሪ ማታ በጨዋታው ውስጥ ባለሱቁን አነጋግሮ የፈለገውን ገዝቶ ሲወጣ፥ በማግሥቱ ከእውነተኛው ባለሱቅ ፊት ለመቆም ድፍረት ያገኛል።

አሁን ወደ ርቀቱ እንመለስ። በአገራችን ሰንጠረዥ መጀመሪያው ወረራ ይባላል፤ በወረራ ጊዜ ተራ የለም፤ አንዱ የሌላውን ሠራዊት እስኪመታ ድረስ ሁለቱም በየፊናቸው ያንቀሳቅሳሉ፥ እጁ የፈጠነም ይጠቀማል። ከመጀመሪያው ምት በኋላ ግን በተራ ነው፤ ያን ጊዜ ቢዘገዩ ጉዳት የለውም። በኢንተርኔት የሚደረገውም ጨዋታ እንደዚሁ በሁለት ይከፈላል። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሴኮንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከቶኪዮ እስከ አዲስ አበባ በቀጥታ 10,400 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ መልእክቱ ደርሶ እስኪመለስ ቢያንስ ከሴኮንድ ከአሥር እጅ አንዱ ያልፋል፤ ክሩም በባሕር ሥር እየዞረ ስለሚሄድ ከዚህ ይበልጣል። ጨዋታው በሴኮንድ 60 ሥዕል የሚያሳይ ከሆነ ስድስት ሥዕል አለፈ ማለት ነው። በተራ ለሚጫወቱት ይህ ከምንም አይቈጠርም፤ ለወረራው ግን ሽንፈት ነው። ይህንን ርቀት በገንዘብም በሕግም የሚያሳጥረው የለም።

አንድ ወዳጃችን በቶኪዮ ለትምህርት ሦስት ዓመት ሲቀመጥ ባለቤቱንና የስምንት ዓመት ልጁን በአዲስ አበባ ትቶ ነበር። በሁለቱም ቤት ስዊች ገባ፤ ኒንቴንዶ ለቤተ ሰብ የሚሸጠው የኢንተርኔት ማኅበርተኛነት እስከ 8 አካውንት ስለሚይዝ ክፍያውን እርሱ ከዚያ ሆኖ ከፈለ። የሁለቱ አገር ሰዓት በስድስት ስለሚለያይ ቅዳሜ በአዲስ አበባ ከጧቱ 3 ሰዓት፥ በቶኪዮ ከቀኑ 9 ሰዓት ተቀጣጠሩ። መጀመሪያ የመኪና እሽቅድምድሙን ማሪዮ ካርትን ሞከሩ። በእርሱ መስታወት ላይ እርሱ ሲቀድም በእርሷ ላይ እርሷ ትቀድማለች፤ ሁለት ምስክሮች፥ ሁለቱም ሐሰት ሳይናገሩ፥ ይጋጩ ነበር። በመጨረሻው መዝገብ ግን አብዛኛውን ጊዜ አሸናፊዋ ልጅቱ ስለ ነበረች፥ «አባዬ ለምን ትዘገያለህ?» ስትለው «ልጄ፥ ርቀቱ ነው፥ ባሕር ለባሕር እየዞረ እኮ ነው የሚመጣው» ይላት ነበር።

ኋላም ወደ ማይንክራፍት ዞሩ፤ ይህ ድንጋይና እንጨት እየደረደሩ ቤት የሚሠሩበት ጨዋታ ስለ ሆነ መዘግየት አይጐዳውም። ልጅቱ መሠረቱን ትጥላለች፥ አባትየው ማገሩን ያቀብላል፤ እጃቸው እየሠራ ስለ ትምህርት ቤት፥ ስለ አያት እግር ሕመም፥ ስለ ጎረቤት ላም ያወራሉ። በስልክ ሲጠይቋት «ደኅና» ብቻ ብላ የምትዘጋ ልጅ፥ ግድግዳ ስትሠራ ግን የክፍል ጓደኛዋ ለምን እንዳስቀየመቻት ሳትጠየቅ ትናገራለች። እናትየዋ ጨዋታው ከአንድ ሰዓት ተኩል እንዳያልፍ ወሰነች፤ አልፎ አልፎ መብራት ወይም ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ ውሳኔው ከእርሷም ቀድሞ ይፈጸም ነበር። ያን ቀን አባትየው ግማሽ ጣራ ያለውን ቤት እያየ ብቻውን ይቀመጣል። ይህ ከካርዱም ከቋንቋውም ይልቅ የከበደው ነገር እንደ ነበር ነግሮናል።

ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ ዕቃውን በሻንጣ ይዞ ገባ። በሁለተኛው ቀን ልጅቱ ጆይስቲኩን አቀብላው በአንድ ምንጣፍ ላይ ጐን ለጐን ተቀምጠው ማሪዮ ካርትን በአንድ ቴሌቪዥን ላይ ከፈቱ። ባሕርም ክርም በመካከላቸው አልነበረም። አምስት ጊዜ ተወዳደሩ፤ አምስቱንም ጊዜ ያሸነፈችው እርሷ ነበረች።