የድማሚት ሠራተኛ ሕመም፦ ከፍንዳታው በፊትና በኋላ

የድንጋይ ካባ፣ የመንገድ ሥራ፣ የግድብ መሠረት ወይም የማዕድን ጉድጓድ ባለበት ሁሉ ድማሚት የሚይዝ ሰው አለ። ሥራው አለቱን መሰርሰርን፣ በቀዳዳው ውስጥ ፈንጂ መጠቅጠቅን፣ ዲቶኔተሩን ማገናኘትን፣ ሰው ከአካባቢው መራቁን ማረጋገጥን፣ ማፈንዳትንና ከዚያም በኋላ ሳይፈነዳ የቀረ ቀዳዳ መኖር አለመኖሩን መመርመርን ያጠቃልላል። ስለዚህ ሙያ አደጋ ሲነሣ የብዙው ሰው ሐሳብ ወዲያው የሚሄደው ወደ ተፈናጠረ ድንጋይና ወደ ተቆረጠ እጅ ነው። ይህ አደጋ እውነት ነው፤ የሚታይ በመሆኑም ማንም አይስተውም። በእግሩ ወደ ጤና ጣቢያ መጥቶ «ራሴን አመመኝ» ወይም «ሳሉ አልለቅህ አለኝ» የሚለው ሠራተኛ ግን ሥራው ምን እንደሆነ ካልተጠየቀ በቀር የሕመሙ ምክንያት ሳይታወቅለት ወደ ቤቱ ይመለሳል።

የራስ ምታቱ ታሪክ የሚጀምረው ከፈንጂው ታሪክ ጋር ነው። አስካንዮ ሶብሬሮ የተባለው ጣሊያናዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1847 ናይትሮግሊሰሪንን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሠራ ጥቂቱን በምላሱ ቀምሶ ኃይለኛ ራስ ምታት እንደሚያስከትል ገልጾ ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ አልፍሬድ ኖቤል ፈሳሹን ከብናኝ አፈር ጋር አዋሕዶ ድማሚትን ፈጠረ። ድማሚት የሚሠሩትና የሚጠቀሙት ሰዎችም ያንኑ ራስ ምታት ወረሱ። ናይትሮግሊሰሪን በትንፋሽ ብቻ ሳይሆን በቆዳም በኩል ወደ ሰውነት ይገባል፤ ያለ ጓንት የተያዘ ድማሚት በቂ ነው። በደም ውስጥ ሲሰራጭ የደም ሥሮችን ያሰፋል፤ በዚህም ምክንያት ፊት ይቀላል፣ ራስ እንደ ከበሮ ይመታል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ሰውየው ከተቀመጠበት ብድግ ሲል ያዞረዋል። አልኮል መጠጥ ከተጨመረበት ደግሞ ይብስበታል።

ሰውነት ይህን ኬሚካል በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለምደዋል። ሠራተኛው ሰኞ ይታመማል፤ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ሲደርስ ሕመሙ ይለቀዋል። ቅዳሜና እሑድ ዐርፎ ሲመለስ ልማዱ ስለጠፋ ሕመሙ እንደገና ይነሣበታል። በአውሮፓና በአሜሪካ የፈንጂ ፋብሪካዎች ሠራተኞች ይህን ለማምለጥ ከፈንጂው ጥቂት ወስደው በባርኔጣቸው ቀበቶ ላይ ይቀቡ ነበር፤ በዕረፍት ቀናትም ልማዱን ሳያቋርጡ ለመቆየት ሲሉ ነው። ብልሃቱ የሚያስቅ ቢመስልም ሠራተኞቹ ሳያውቁት ከራስ ምታት ከሚከፋ ነገር ራሳቸውን እየጠበቁ ነበር።

ምክንያቱም በየቀኑ ለሚያሰፋ ኬሚካል የተጋለጡ የደም ሥሮች ኬሚካሉን ለመቋቋም የመጥበብ ኃይላቸውን ያጠናክራሉ። ኬሚካሉ በድንገት ሲቋረጥ የሚቋቋመው ነገር ስለማይኖር የልብ ደም ሥር ተኮማትሮ ሊዘጋ ይችላል። አሜሪካውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጡት ጥናት በፈንጂ ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩ 9 ሰዎች በዕረፍት ቀናቸው የደረት ሕመምና ከዚያም የከፋ የልብ ችግር እንደደረሰባቸው ገልጸዋል። የልብ የደም ሥር ራጅ የተነሡት ላይ በስብ ክምችት የተዘጋ ቦታ አልታየም፤ በአንዷ ታማሚ ላይ በምርመራው ጊዜ የተኮማተረው የደም ሥር ናይትሮግሊሰሪን ከምላስ ሥር ሲሰጣት ተከፍቷል። መርዙና መድኃኒቱ አንድ ነበሩ ማለት ነው። ለነገሩ ናይትሮግሊሰሪን ለልብ ሕመም እንደሚጠቅም እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም መረል በጽሑፍ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1879 ሲሆን፣ ኖቤል ራሱም በሕይወቱ መጨረሻ ልቡን ሲያመው ሐኪሞቹ ያዘዙለት ይህንኑ ነው።

በአሁኑ ዘመን በናይትሮግሊሰሪን የሚሠራ ድማሚት በብዙ ቦታ ቀርቷል። ካለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ቦታውን የያዘው በአብዛኛው አንፎ የሚባለው ድብልቅ ነው፤ 94 በመቶው አሞኒየም ናይትሬት፣ 6 በመቶው ናፍጣ ነው። ርካሽ ነው፣ በአያያዝም ይሻላል፣ የሰኞውን ራስ ምታትም አያመጣም። ነገር ግን ጉዳቱ ከፍንዳታው በፊት ከነበረበት ወደ ፍንዳታው ማግስት ተሸጋገረ እንጂ አልቀረም።

ድብልቁ በትክክል ከተመጠነና ደረቅ ቀዳዳ ውስጥ ከገባ በፍንዳታው የሚወጣው በአብዛኛው የውኃ ተን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ናይትሮጅን ነው። ናፍጣው ከበዛ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጨምራል፤ ናፍጣው ካነሰ ወይም ቀዳዳው ውኃ ካለበት ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይፈጠራል። የመጀመሪያው ቀለምም ሽታም የለውም፤ በዋሻና በጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል፣ በተሰነጠቀ መሬት ውስጥ ሾልኮም በአቅራቢያ ወዳለ ምድር ቤት ሊገባ ይችላል። ሁለተኛው ብርቱካናማ ወይም ቡናማ ዳመና ሆኖ ይታያል። ቸኩሎ ቀዳዳውን ለማየት ወደዚህ ዳመና የገባ ሠራተኛ ጥቂት ያስለውና ዐይኑን ይቆጠቁጠዋል፤ ከዚያም ይሻለዋል።

አታላዩ ነገር ይህ መሻል ነው። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ በውኃ በቀላሉ ስለማይሟሟ ጉሮሮን ብዙም ሳያስቆጣ እስከ ሳንባ ከረጢቶች ድረስ ይወርዳል። ጉዳቱም ቀስ ብሎ ይሠራል፤ ከጥቂት ሰዓታት እስከ አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ሳንባው ውኃ ይቋጥራል። ቀን አሥር ሰዓት ላይ «ደኅና ነኝ» ብሎ የሄደ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። ስለሆነም ቡናማውን ጭስ የተነፈሰ ሰው ምንም ምልክት ባይታይበት እንኳ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ከሕክምና ክትትል ሊርቅ አይገባም። ካገገመም በኋላ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ቀጭን የአየር ቧንቧዎች ጠበው ሳልና ትንፋሽ ማጠር ሊመለስበት ስለሚችል ይህ ሊነገረውና ቀጠሮ ሊሰጠው ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ በጣት ላይ ስለሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ አንድ ነገር መባል አለበት። መሣሪያው በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘን ደም ከጤናማው አይለይም፤ ሰውየው እየታፈነ 98 ብሎ ሊያነብ ይችላል። በናይትሬት ውሕዶች ምክንያት ሄሞግሎቢን ወደ ሜትሄሞግሎቢን ሲለወጥ ደግሞ ንባቡ ኦክስጅን ቢሰጥም ባይሰጥም 85 አካባቢ ይቆማል፤ ከንፈር ይጠቁራል፣ የተቀዳው ደም የቸኮሌት መልክ ይይዛል። ለዚህ ሜቲሊን ብሉ ይሰጣል፤ የጂ-6-ፒ-ዲ ኢንዛይም እጥረት ላለበት ሰው ግን ቀይ የደም ሕዋሳትን ሊያፈርስ ስለሚችል ጥንቃቄ ይሻል።

ፍንዳታው ራሱ የሚያደርሰውን ጉዳት በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። የአየር ግፊቱ ማዕበል በመጀመሪያ የሚጎዳው አየር ያለባቸውን የአካል ክፍሎች ነው። የጆሮ ታምቡር 35 ኪሎፓስካል አካባቢ ግፊት ሲደርስበት ሊቀደድ ይችላል፤ ለሳንባ ጉዳት ከዚህ እጅግ የበለጠ፣ ወደ 100 ኪሎፓስካል የሚጠጋ ግፊት ያስፈልጋል። ታምቡሩ ስላልተቀደደ ብቻ ሳንባው ደኅና ነው ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው። ከዓመታት በኋላ የሚመጣው ድንቁርና በአብዛኛው የፍንዳታውና የመሰርሰሪያው ድምፅ ድምር ሲሆን፣ መጀመሪያ የሚጠፋው ከፍተኛው ድምፅ በመሆኑ ሠራተኛው የሰዎችን ንግግር መለየት እስኪያቅተው ድረስ አይታወቀውም።

ከሁሉ በላይ ብዙ ሰው የሚጎዳው ግን ማንም በማይፈራው ክፍል፣ በመሰርሰሩ ሥራ ነው። አለት በደረቁ ሲሰረሰር የሚነሣው ብናኝ ውስጥ ኳርትዝ ካለ፣ በዐይን የማይታዩት ቅንጣቶች ሳንባ ውስጥ ገብተው በዚያው ይቀራሉ። ሊበሏቸው የሚሞክሩት የመከላከያ ሕዋሳት ራሳቸው ይሞታሉ፤ በቦታው ጠባሳ ይበቅላል። ሲሊኮሲስ የሚባለው ይህ በሽታ ፈዋሽ መድኃኒት የለውም፤ ሠራተኛው ሥራውን ከተወ በኋላም ሊገፋ ይችላል። የአለቱ ዓይነት ልዩነት ያመጣል። የደጋው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ኳርትዙ አነስተኛ ነው፤ ይህ ማለት ብናኙ ምንም አይጎዳም ማለት አይደለም። በምዕራብ፣ በደቡብና በሰሜን የአገሪቱ ክፍሎች የሚገኙት ግራናይትና ናይስ፣ የአሸዋ ድንጋይና ወርቅ የያዙ የኳርትዝ ሥሮች ግን በኳርትዝ የበለጸጉ ናቸው።

በአገራችን ጉዳዩን የሚያከፋው የሳንባ ነቀርሳ መኖሩ ነው። ሲሊካ የተጠቀጠቀበት ሳንባ ለነቀርሳ ባክቴሪያ የመከላከል አቅሙ ስለሚዳከም ሲሊኮሲስ ያለበት ሰው በነቀርሳ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በሌላ በኩል የሲሊኮሲስ ራጅ በላይኛው የሳንባ ክፍል ላይ በሚያሳየው ነጠብጣብ ነቀርሳን ይመስላል። ስለሆነም ሁለት ዓይነት ስሕተት ይፈጠራል። አንዱ ነቀርሳ የሌለበት ሰው አክታው ተደጋግሞ ንጹሕ ቢሆንም የነቀርሳ መድኃኒት ሁለትና ሦስት ጊዜ መውሰዱ ነው። ሌላው ደግሞ እውነተኛ ነቀርሳ የያዘው ሰው መድኃኒቱን ጨርሶ ወደዚያው ደረቅ መሰርሰሪያ መመለሱ ነው። ሁለቱንም የሚከላከለው አንድ ጥያቄ ሲሆን፣ ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ባሳተመው መጽሐፍ ሐኪሞች በሽተኛውን እንዲጠይቁት አሳስቦ ነበር፦ ሥራህ ምንድን ነው?

መከላከያው የሚያስቸግር አይደለም። በመሰርሰሪያው በኩል ውኃ ማስገባት ብናኙን ከምንጩ ያስቀረዋል፤ በአፍ ላይ የሚታሰር ሻርፕ ግን የሚይዘው ትልልቁን ብናኝ ብቻ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው አደገኛ ሥራ ላይ የተሰማሩ ሠራተኞችን በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያስገድዳል፤ ከሥራ የመጣ በሽታም ካሳ እንዲያስገኝ ይደነግጋል። ነገር ግን መሰርሰሪያ የሚይዘው ሰው ብዙ ጊዜ የቀን ሠራተኛ ነው፤ አንድ መንገድ ሲያልቅ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ሲሊኮሲሱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከአሥር ዓመት በኋላ ይደርሳል። ያን ጊዜ የሥራ ውሉ ወረቀት የለም፣ አሠሪውም ሄዷል። በእጁ የሚቀረው የሕክምና ካርዱ ብቻ ይሆናል። ካርዱ ላይ በሥራ ረድፍ «ሠራተኛ» ተብሎ ከተጻፈ ምንም አይጠቅመውም። «ለስምንት ዓመት ግራናይት በደረቁ ሰርስሯል፣ ድማሚት ጠቅጥቋል፣ የትና ለማን እንደሠራ» ተብሎ ከተጻፈ ግን የሕክምና ቦርድ ፊት ሲቀርብ የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል።